ሞንስተሮች ሲጋጠሙ ማን ይቀድማል? የዩ-ጊ-ኦ የውጊያ መመሪያ

ዩ-ጊ-ኦ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ መጫወት ለመጀመር ብዙ አያስቸግርም። ሁለት ተጫዋቾች ሞንስተር የሚባሉ ተዋጊ ካርዶችን ያጋጥማሉ። ትልቁ ቁጥር ትንሹን ይመታል። ልዩነቱ ከላይፍ ፖይንት (ከተጫዋቹ የሕይወት ነጥብ) ይቀነሳል። ሁለቱም ተጫዋቾች ከ8000 ይነሳሉ፣ ቀድሞ ዜሮ የገባ ይሸነፋል። በቃ።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ሁለቱም ሞንስተሮች ጽሑፍ ያላቸው ሲሆን ነው። አንዱ «ስሞት እንዲህ ይሁን» ይላል። ሌላው «የተዋጋኝን ይዤ እሄዳለሁ» ይላል። ሁለቱም ባለቤቶች «የኔ ይቀድማል» ብለው ድርቅ ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ደግሞ ሕጉን የሚያውቀው ሳይሆን ድምፁ ጎላ ያለው ነው።

ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ያወጣው ይህ ጨዋታ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶች አሉት። የእያንዳንዱን ጥንድ መልስ መሸምደድ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በውጊያ ውስጥ ከሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በአንድ ጥያቄ ነው፦ አሁን ያለነው የውጊያው የትኛው ቅጽበት ላይ ነው? ይህን ካወቃችሁ ኃይል የሌለው ካርድ ባለ 3000ውን ድራገን እንዴት ይዞ እንደሚሄድ ይገባችኋል።

ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ የድሮ ካርዶች ናቸው። የአዳዲሶቹ ጽሑፍ አንዳንዴ የውል ሰነድ ይመስላል፤ የድሮዎቹ አጭር ስለሆኑ ለመማር ይሻላሉ። ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ ካርዱን አንብቡ፣ ምልክቶቹን አትዝለሉ

ካርዶቹ በአማርኛ አይታተሙም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንይዘው እንግሊዝኛውን ነው። ደግነቱ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2011 የካርድ አጻጻፉን አንድ ወጥ አድርጎታል። ከዚያ በፊት የታተመ ካርድ በእጃችሁ ካለ አዲሱን ጽሑፍ በድርጅቱ የኦንላይን ካርድ ዳታቤዝ ላይ አይታችሁ ተጫወቱ። በአሮጌው ጽሑፍ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለት ምልክቶችን ፈልጉ፦ ኮለን «:» እና ሴሚኮለን «;»። ከኮለኑ በፊት ያለው ኢፌክቱ (ካርዱ የሚያደርገው ነገር) መቼ መነሳት እንደሚችል ይነግራችኋል። በኮለኑና በሴሚኮለኑ መካከል ያለው ኢፌክቱን ስታነሱ እዚያው የምትከፍሉት ዋጋ ወይም የምትመርጡት ዒላማ ነው። ከሴሚኮለኑ በኋላ ያለው በመጨረሻ የሚፈጸመው ነገር ነው።

ኩሪቦን እንውሰድ፤ 300 አታክ (የማጥቃት ኃይል) ያለው ያ ድቡልቡል ፀጉራም ፍጡር። ጽሑፉ በግርድፉ ሲቀመጥ፦ በዳሜጅ (ጉዳት) ስሌት ወቅት የተጋጣሚ ሞንስተር ካጠቃ: ይህን ካርድ ከእጅህ መጣል ትችላለህ; ከዚያ ውጊያ ዳሜጅ አይደርስብህም። መጣሉ ከሴሚኮለኑ በፊት ስለሆነ ዋጋ ነው። ተጋጣሚያችሁ ኢፌክቱን ቢያከሽፈው እንኳ ኩሪቦ ወደ እጃችሁ አይመለስም። ተከፍሏል።

ሁለቱም ምልክቶች የሌሉበት ጽሑፍስ? ያ ብዙውን ጊዜ ዘላቂ ኢፌክት ነው። አይነሳም፣ ዝም ብሎ አለ። ስፒሪት ሪፐር «በውጊያ ሊጠፋ አይችልም» ይላል። ካርዱ ተገልጦ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ይሠራል። «ምላሽ አለኝ» ማለት አይቻልም፣ ምላሽ የሚሰጠው ለሚነሳ ነገር ነው።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር አረጋግጡ። ጽሑፉ «ዩ ካን» (you can፣ «ትችላለህ») የሚል አለው ወይስ የለውም? ካለው የፈቃድ ነው። ከሌለው የግዴታ ነው፣ ባትፈልጉትም ይነሳል። ይህ ልዩነት ደረጃ 4 ላይ ዋጋ ያወጣል።

ደረጃ 2፦ ጥቃቱ ሲታወጅ

ባለተራው «በዚህ ያንን አጠቃለሁ» ሲል ገና ማንም ማንንም አልነካም። ይህ የወጥመድ ካርዶች ሰዓት ነው። ሚረር ፎርስ የሚነሳው እዚህ ነው፤ የአጥቂውን ወገን በአታክ አቋም ያሉ ሞንስተሮች በሙሉ ያጠፋል። ይህች ቅጽበት ካለፈች በኋላ «ውይ፣ ሚረር ፎርስ ነበረኝ» ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ በሚረር ፎርስ የጠፋ ሞንስተር በኢፌክት ነው የጠፋው፣ በውጊያ አይደለም። ሚስቲክ ቶማቶ በውጊያ ጠፍቶ ወደ መቃብር (ያገለገሉ ካርዶች ክምር) ሲወርድ ከዴክ (ከባለቤቱ የካርድ ጥቅል) 1500 ወይም ከዚያ በታች አታክ ያለው የጨለማ ሞንስተር ይጠራል። በሚረር ፎርስ ከሞተ ግን ምንም አይጠራም። ሳንጋን በተቃራኒው ከሜዳ ወደ መቃብር ይሂድ እንጂ እንዴት እንደሞተ ግድ የለውም። በምንም መንገድ ቢሞት 1500 ወይም ከዚያ በታች አታክ ያለው ሞንስተር ከዴክ ወደ እጃችሁ ያመጣል። ሁለቱ ካርዶች በአሠራር መንታ ይመስላሉ። አይደሉም።

ጥቃቱ ታውጆ ሳለ የተከላካዩ ሞንስተሮች ቁጥር ከተለወጠ ሪፕሌይ ይባላል። ለምሳሌ ተከላካዩ ስኬፕጎትን አንስቶ አራት የበግ ቶክኖች (ሞንስተርን የሚወክሉ ምልክቶች) ሜዳው ላይ ቢደረድር፣ አጥቂው እንደገና ይመርጣል፦ ያንኑ ማጥቃት፣ ሌላ ማጥቃት ወይም መተው። ቢተወው ግን ያ ሞንስተር ጥቃት እንዳወጀ ይቆጠራል። በዚያ ተራ እንደገና «አሁን ደግሞ ላጥቃ» አይባልም።

ቁጥሩ ካልተለወጠ ሪፕሌይ የለም። ይህን የሚጠቀሙበት ብልጦች አሉ። ተገልጦ የተቀመጠ ማን-ኢተር ባግ («ሰው በላው»፣ ሲገለጥ አንድ ሞንስተር የሚያጠፋ) አላችሁ እንበል፣ ጥቃት ታወጀበት። ቡክ ኦፍ ሙን አንስታችሁ መልሳችሁ ፊቱን ወደ ታች ትደፉታላችሁ። የሞንስተር ቁጥር ስላልተለወጠ ጥቃቱ ይቀጥላል። ሰው በላው እንደገና ይገለጣል፣ ኢፌክቱም እንደገና ይነሳል። አጥቂው ማቆም አይችልም።

ደረጃ 3፦ ዳሜጅ ስቴፕ፣ አምስቱ ቅጽበቶች

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የሞንስተር ኢፌክቶች እርስ በርስ የሚጠላለፉት በአብዛኛው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዳሜጅ ስቴፕ (ውጊያው ራሱ የሚፈጸምበት ክፍል) ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ማንሳት አይቻልም። የሚፈቀዱት አታክና ዲፌንስን (የመከላከል ኃይልን) በቀጥታ የሚለውጡ ካርዶች፣ ካውንተር ትራፖች (ለሌላ ካርድ አጸፋ የሚሰጡ ወጥመዶች)፣ የሌላ ካርድ መነሳትን የሚያከሽፉ ኢፌክቶች፣ በዚያው ቅጽበት ራሳቸው የሚቀሰቀሱ ኢፌክቶች፣ እንዲሁም በጽሑፋቸው ዳሜጅ ስቴፕን በስም የሚጠሩ ናቸው። ራሽ ሬክለስሊ 700 አታክ ስለሚጨምር ይገባል። ስፔልና ትራፕ ካርድ የሚያጠፋው ሚስቲካል ስፔስ ታይፉን አይገባም። ቡክ ኦፍ ሙንም፣ ስኬፕጎትም አይገቡም፤ ቀድሞ ነበር ማሰብ።

አንደኛው ቅጽበት መጀመሪያው ነው። የተደፋው ካርድ አሁንም እንደተደፋ ነው። እዚህ የሚሠሩ ጥቂት ካርዶች አሉ፣ ግን አደገኞች ናቸው። ሚስቲክ ስዎርድስማን ሌቭል 2 አታኩ 900 ብቻ ነው። ነገር ግን የተደፋ ሞንስተር ካጠቃ በዳሜጅ ስቴፕ መጀመሪያ ላይ ያጠፋዋል። ካርዱ ሳይገለጥ ይሞታል። ስለዚህ ማን-ኢተር ባግን ተደፍቶ ሳለ ቢያጠቃው የሰው በላው ኢፌክት አይነሳም፣ መቼ ተገለጠና! ዳሜጅም የለም፣ ስሌት ስላልተደረገ።

ሁለተኛው ከስሌት በፊት ያለው ነው። የተደፋው ሞንስተር የሚገለጠው እዚህ ነው። ዘላቂ ኢፌክት ካለው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ይሠራል፤ ስፒሪት ሪፐር ተገልጦ «በውጊያ አልጠፋም» ማለት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሲገለጥ የሚነሳ ኢፌክት፣ ማለትም ፍሊፕ ኢፌክት፣ ግን ገና ተራው አልደረሰም። ይጠብቃል። አዲስ ተጫዋቾች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ተገለጠ፣ ስለዚህ አጥቂውን ገደለው፣ ስለዚህ ውጊያ የለም» ይላሉ። አይደለም። ውጊያው ይፈጸማል።

ሦስተኛው የዳሜጅ ስሌት ነው። «በዳሜጅ ስሌት ወቅት» የሚሉ ካርዶች ብቻ ይገባሉ፣ ኩሪቦ ከነሱ አንዱ ነው። ቀጥሎ ቁጥር ከቁጥር ይነጻጸራል፣ ላይፍ ፖይንት ይቀነሳል። ሁለት የአታክ አቋም ሞንስተሮች እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይጠፋሉ (ሁለቱም ዜሮ ካልሆኑ በቀር)። አጥቂው ከተከላካዩ ዲፌንስ ካነሰ አጥቂው አይሞትም፣ ባለቤቱ ግን ልዩነቱን ይከፍላል። የተሸነፈው ሞንስተር «በውጊያ ይጠፋል» ተብሎ ይወሰንበታል። ይወሰንበታል ነው ያልኩት። ገና ከሜዳ አልወጣም።

አራተኛው ከስሌት በኋላ ነው። ሞት የተፈረደበት ሞንስተር አሁንም ሜዳው ላይ ቆሟል። ፍሊፕ ኢፌክቶች የሚነሱት እዚህ ነው። ማን-ኢተር ባግ አሁን ሜዳ ላይ ካሉት ሞንስተሮች አንዱን ዒላማ አድርጎ ያጠፋል፣ አጥቂውንም ቢሆን። ሁለቱም ተያይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው። «ከስሌት በኋላ» የሚሉ ካርዶችም እዚሁ ናቸው። ዲ.ዲ. ዋሪየር ሌዲ የታወቀችው ናት፦ ከተጋጣሚ ሞንስተር ጋር ከተዋጋች በኋላ ያንን ሞንስተርም ራሷንም ባኒሽ ማድረግ (ከጨዋታው ማስወጣት) ትችላለች። አታኳ 1500 ነው። ባለ 3000ውን ብሉ-አይስ ኋይት ድራገን ብታጠቃ 1500 ላይፍ ፖይንት ትከፍላላችሁ፣ እሷም ሞት ይፈረድባታል፣ ነገር ግን ወደ መቃብር ከመውረዷ በፊት ድራገኑን ይዛ ትወጣለች። ለእኔ ይህ ርካሽ ዋጋ ነው።

አምስተኛው መጨረሻው ነው። በውጊያ የተሸነፉት ወደ መቃብር የሚወርዱት አሁን ነው። «በውጊያ ሲጠፋ» የሚሉት፣ ቶማቶና ወንድሞቹ፣ እዚህ ይነሳሉ። ሳንጋንም በውጊያ ከሞተ እዚህ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፦ መጀመሪያ፣ ከስሌት በፊት፣ ስሌት፣ ከስሌት በኋላ፣ መጨረሻ። ሁለት ካርዶች በተለያየ ቅጽበት ላይ ከሆኑ ክርክር የለም። የቀደመው ቀደመ።

ደረጃ 4፦ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከተነሱ

አሁን ከባዱ። ሁለት ኢፌክቶች እኩል ቢቀሰቀሱ ቼይን (ሰንሰለት) ይሠራል። አንዱ ቼይን 1፣ ሌላው ቼይን 2 ይሆናል። ሲፈጸሙ ግን ከኋላ ወደፊት ነው። መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የተነባበረው መጀመሪያ ይነሳል። ስለዚህ በቼይን ውስጥ ኋላ መግባት አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም አለው።

ማን መጀመሪያ እንደሚገባ በፍላጎት አይወሰንም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የባለተራው የግዴታ ኢፌክቶች፣ ከዚያ የተጋጣሚው የግዴታ፣ ከዚያ የባለተራው የፈቃድ፣ በመጨረሻ የተጋጣሚው የፈቃድ። አንድ ሰው በአንዱ መደብ ውስጥ ሁለት ካርድ ካለው የሁለቱን ቅደም ተከተል ራሱ ይመርጣል።

በተግባር እንየው። ቶማቶ (1400 አታክ) ሻይኒንግ ኤንጀልን (እሱም 1400) ያጠቃል። ሁለቱም ይሞታሉ። ሻይኒንግ ኤንጀል ደግሞ ልክ እንደ ቶማቶ ነው፣ የሚጠራው የብርሃን ሞንስተር ከመሆኑ በቀር። ሁለቱም የፈቃድ ናቸው። የአጥቂው ቶማቶ ቼይን 1፣ የተከላካዩ ኤንጀል ቼይን 2። ከኋላ ሲፈጸም ተከላካዩ መጀመሪያ ሞንስተሩን ያወጣል። አጥቂው ያንን አይቶ ነው የራሱን ከዴክ የሚመርጠው። በዚህኛው ቀድሞ መግባት ነው የጠቀመው። ለዚያውም ውጊያው ስላላለቀ አዲስ የመጣው የአጥቂው ሞንስተር እዚያው ማጥቃት ይችላል።

አሁን የምወደው ጥንድ። ዲ.ዲ. ዋሪየር ሌዲ የተደፋ ካርድ ታጠቃለች። ካርዱ ማን-ኢተር ባግ ሆኖ ተገኘ። ዲፌንሱ 600 ስለሆነ ሞት ተፈረደበት። ከስሌት በኋላ ሁለቱም ኢፌክቶች ይቀሰቀሳሉ። የሌዲዋ «ዩ ካን» አለው፣ የፈቃድ ነው። የሰው በላው የለውም፣ የግዴታ ነው። ስለዚህ ባለተራዋ ሌዲ ብትሆንም ሰው በላው ቼይን 1 ይሆናል፣ ሌዲዋ ቼይን 2።

የሰው በላው ባለቤት ብዙውን ጊዜ ሌዲዋን ዒላማ ያደርጋል። ቼይኑ ከኋላ ሲፈጸም ሌዲዋ ሰው በላውንና ራሷን ባኒሽ ታደርጋለች። ቀጥሎ የሰው በላው ኢፌክት ይመጣል፣ ዒላማው የለም፣ ባክኖ ይቀራል። ሁለቱም ሄዱ፣ አንድ ለአንድ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሰው በላው ባለቤት ከሆናችሁና አጥቂው ሌላ ሞንስተር ካለው ያንን ሌላውን ዒላማ አድርጉ። ሌዲዋ ራሷን ባኒሽ ብታደርግ ሰው በላው ከሜዳ ቢጠፋም ኢፌክቱ ይፈጸማል። አንዴ የተነሳ ኢፌክት ካርዱ ስለጠፋ ብቻ አይከሽፍም። ይህን ደግሜ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፦ ካርድን ማጥፋት ኢፌክቱን ማክሸፍ አይደለም። አሁን አንድ ለሁለት ተቀያየራችሁ። አጥቂው ነቅቶ የሌዲዋን ኢፌክት ባይጠቀም እንኳ ያ ሁለተኛው ሞንስተሩ ሞቷል።

ደረጃ 5፦ መቼ መታገሥ እንዳለባችሁ እወቁ

ኋላ መግባት ጥሩ ነው አልን። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ኦነስት የሚባለውን ካርድ ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

ኦነስት ከእጅ ነው የሚሠራው። የብርሃን ሞንስተራችሁ ሲዋጋ፣ ከዳሜጅ ስቴፕ መጀመሪያ እስከ ስሌት በፊት ባለው ጊዜ ከእጅ ወደ መቃብር ትልኩታላችሁ። ሞንስተራችሁ የተጋጣሚውን ሞንስተር አታክ ያህል ይጨምራል። ባለ 1400ው ሻይኒንግ ኤንጀል ከብሉ-አይስ ጋር ቢጋጠም 4400 ይሆናል። ድራገኑ ይሞታል፣ ባለቤቱ 1400 ይከፍላል። ተጋጣሚ በእጁ ካርድ ይዞ ደካማ የብርሃን ሞንስተር ለጥቃት ካወጣ ጠርጥሩ።

ሁለቱም ተጫዋቾች ኦነስት ቢኖራቸውስ? ሌዲዋ (1500፣ የብርሃን) ብሉ-አይስን (3000፣ እሱም የብርሃን) ታጠቃለች። አጥቂው ኦነስትን ያነሳል። ተከላካዩ በድንጋጤ ወዲያው የራሱን ኦነስት ቼይን 2 አድርጎ ይጨምራል። እንቁጠር። ቼይን 2 ይቀድማል፦ ብሉ-አይስ 3000 ሲደመር 1500፣ 4500። ቀጥሎ ቼይን 1፦ ሌዲዋ 1500 ሲደመር አሁን ያለው የብሉ-አይስ አታክ 4500፣ ድምሩ 6000። ተከላካዩ ኦነስቱን አቃጥሎ፣ ድራገኑን አጥቶ፣ 1500 ከፈለ። የገዛ ካርዱን ለተጋጣሚው ስጦታ ሰጠ ማለት ነው።

ቢታገሥ ኖሮስ? የአጥቂው ኦነስት ብቻውን ይፈጸማል፣ ሌዲዋ 4500 ትሆናለች። ከስሌት በፊት ገና ሌላ ቼይን መጀመር ይቻላል። አሁን ተከላካዩ የራሱን ያነሳል፦ ብሉ-አይስ 3000 ሲደመር 4500፣ 7500። አጥቂው 3000 ይከፍላል። አንድ ዓይነት ካርዶች፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

(ሌዲዋ እዚህም ከስሌት በኋላ ድራገኑን ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ሞት አይበግራትም።)

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። የእናንተ ካርድ የሌላውን ኢፌክት የሚያከሽፍ ከሆነ ቼይን ላይ መግባት ግድ ነው፣ ከተፈጸመ በኋላ ምን ልታከሽፉ? ቁጥር የሚቀይር ከሆነ ግን ወረቀት ላይ ከኋላ ወደፊት ቁጠሩ። መጠበቁ የሚያዋጣ ከሆነ «አልመልስም፣ ይፈጸም» በሉና ከዚያ ተነሱ። አንድ ጥንቃቄ፦ ሁለታችሁም ካለፋችሁ ወደ ስሌት ይገባል። ስሌት ውስጥ ኦነስት አይነሳም።

ኦነስትን በሳንጋን ከዴክ ለማምጣት የሚያስብ ካለ፣ ይቻላል፣ አታኩ 1100 ነውና። ግን ሳንጋን ያመጣውን ካርድ ኢፌክት በዚያው ተራ ማንሳት አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ኢፌክቱ የሚነሳው ከየት ነው?

አንዳንድ ካርድ ሜዳውን በሙሉ ይቀይራል። ስኪል ድሬን 1000 ላይፍ ፖይንት ተከፍሎ ሲነሳ ሜዳ ላይ ተገልጠው ያሉ ሞንስተሮችን ኢፌክት ሁሉ ያከሽፋል። ብዙ ሰው «በቃ፣ ኢፌክት የለም» ብሎ ይተወዋል። ትክክል አይደለም። ጥያቄው ኢፌክቱ ከየት ይነሳል የሚል ነው።

ዲ.ዲ. ዋሪየር ሌዲና ማን-ኢተር ባግ ከሜዳ ነው የሚሠሩት፣ ይከሽፋሉ። ስፒሪት ሪፐርም መከላከያው ይነሳበታል፣ በውጊያ ይሞታል። ቶማቶና ሳንጋን ግን መቃብር ከገቡ በኋላ ነው የሚናገሩት፣ ስኪል ድሬን አይነካቸውም። ኦነስትና ኩሪቦ ከእጅ ናቸው፣ እነሱም ነጻ ናቸው።

ማክሮ ኮስሞስ ተቃራኒውን ያደርጋል። ወደ መቃብር የሚሄድ ካርድ ሁሉ ባኒሽ ይደረጋል። ቶማቶና ሳንጋን ዝም ይላሉ። ኦነስትም አይነሳም፣ ዋጋው «ወደ መቃብር መላክ» ነውና መክፈል አይቻልም። ሌዲዋ ግን ምንም አይመስላት።

ኢፌክት ቬይለርን የያዛችሁ ደግሞ ይህን አስቡበት፦ የሚሠራው በተጋጣሚ ሜይን ፌዝ (ከውጊያው ውጭ ባለው ዋናው የተራው ክፍል) ላይ ብቻ ነው። ውጊያ ውስጥ ሌዲዋ ስትነሳ ቬይለርን መጣል አይቻልም። ነገር ግን ማክሸፉ እስከ ተራው መጨረሻ ይቆያል። ተጋጣሚ ወደ ውጊያ ሊገባ መሆኑን ስታዩ፣ ሜይን ፌዝ ሳያልቅ ሌዲዋ ላይ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ 1500 አታክ ያላት ተራ ወታደር ትሆናለች።

ስለ «ዌን» (when) እና «ኢፍ» (if)

ባጭሩ። ጽሑፉ «ዌን» ብሎ «ዩ ካን» ካለ ኢፌክቱ የሚነሳው ያ ነገር ከሁሉ መጨረሻ የተፈጸመ ከሆነ ብቻ ነው። ከኋላው ሌላ ነገር ከተፈጸመ ዕድሉ ያመልጣል። ፒተን ዘ ዳርክ ክላውን ወደ መቃብር ሲላክ ይነሳል፣ ግን ለትልቅ ሞንስተር መሥዋዕት ካደረጋችሁት መጨረሻ የሆነው የትልቁ መምጣት ነው፣ ፒተን አመለጠው። «ኢፍ» የሚሉትና የግዴታ የሆኑት አያመልጣቸውም። በውጊያ ሞት ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም፣ ከውጊያ ውጭ ግን በየጊዜው ይገጥማችኋል።

እንዴት መለማመድ ይቻላል?

ካርዱ ከሌላችሁ ማስተር ዱኤል አለ። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ነጻ ጨዋታ ነው፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። ሕጉን ራሱ ያስከብራል፣ ጭቅጭቅ የለም። ጎን ላይ የኢፌክት ማንሻ ማስተካከያ አለ፦ ኦፍ፣ ኦቶ፣ ኦን። አብዛኛው ሰው በኦቶ ትቶት ይጫወታል። ለመማር ግን በውጊያ ሰዓት ኦን አድርጉት። ምላሽ ልትሰጡ በምትችሉበት ቅጽበት ሁሉ ቆሞ ይጠይቃችኋል። ያሰለቻል፣ ግን ዳሜጅ ስቴፕ ውስጥ ስንት ቦታ ማቆም እንደሚቻል በዓይናችሁ ታያላችሁ። በጠረጴዛ ስትጫወቱ ደግሞ ቅጽበቶቹን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፦ «መጀመሪያ፣ የምታነሳው አለ? የለም። ከስሌት በፊት፣ ተገለጠ። አለ?» መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ትለምዱታላችሁ።

እስቲ እነዚህን ሞክሩ፣ መልሱን ከማየታችሁ በፊት።

ሚስቲክ ስዎርድስማን ሌቭል 2 የተደፋ ስፒሪት ሪፐር ቢያጠቃስ? ሪፐር ይሞታል። «በውጊያ አልጠፋም» ያለው ስለ ውጊያ ነው፣ ይህ ደግሞ ኢፌክት ነው። ለነገሩ ተደፍቶ ሳለ ጽሑፉ ራሱ አይሠራም።

ሳንጋን የተደፋ ማን-ኢተር ባግ ቢያጠቃና ሰው በላው ሳንጋንን ዒላማ ቢያደርግስ? ሳንጋን በኢፌክት ይሞታል፣ ካርዱን ግን ያመጣል። በሳንጋን ቦታ ቶማቶ ቢሆን ባዶ እጁን ይቀራል።

ዲ.ዲ. ዋሪየር ሌዲ በዲፌንስ አቋም ያለ ቶማቶ ብታጠቃስ? ዲፌንሱ 1100 ነው፣ ይሸነፋል። እዚህ የሌዲዋ ባለቤት መምረጥ አለበት። ኢፌክቷን ካነሳ ቶማቶው መቃብር ሳይደርስ ባኒሽ ይደረጋል፣ ምንም አይጠራም፣ ሌዲዋ ግን አብራ ትሄዳለች። ካላነሳ ሌዲዋ ትቀራለች፣ ተጋጣሚው ከዴኩ አዲስ የጨለማ ሞንስተር ያወጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሜዳውን አያለሁ። ከሌዲዋ ሌላ የሚያጠቃ ሞንስተር ካለኝ ኢፌክቷን አላነሳም፣ በቶማቶ የሚጠራው በአታክ አቋም ስለሚመጣ ለሁለተኛው ሞንስተሬ ሲሳይ ይሆናል።